የራሙ ልክ

...ሐሙስ ነው መሰለኝ፣ ወይም ረቡዕ፣ ቀኑን ልሳሳት እችላለሁ፣ በዚህ ዕድሜ ቀን ከቀን ይደባለቅብኛል፣ አንዳንዱንም ነገር አሳምሬ የማስታውሰው ስላልነበረ ይሆናል፣ ግን ፎቶው ግማሽ ድረስ መጥቶ የቆመው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ ኪቦርዱ ላይ ነበረች። ወይስ መጋረጃው ተዘግቶ ነበር? ይሁን። ግማሽ ድረስ መጣ፣ የዳማው ሰሌዳ የላይኛው ግማሽ፣ ጥቁር የኮት ቁልፎች በየቤታቸው፣ ከዚያ በታች ግራጫ፣ ግራጫ ብቻ፣ ኮምፒውተሩ ዳገት እንደወጣ ሰው አቃሰተ፣ ቀስቷም አልንቀሳቀስ አለች። አንዷ ጥቁር ከቦታዋ የለችም። ወደ ግራ ትሂድ ወደ ቀኝ የሚታየው ከግራጫው ሥር ነው።

የላከው ቆራጩ ነው። እሱ ይቆርጣል እኔ እሰፋለሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ፣ ሠላሳ ሁለት ነው ይላል እሱ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ዳማ፣ ጠጠር ስላልነበረን በቁልፍ፣ ጥቁሩ የሱ ነጩ የኔ። አሁን ሩቅ ከተማ ልጁ ዘንድ ነው የሚኖረው፣ ጆሮው ጭራሽ ተደፍኖ ስልክ አይሰማም፣ ስለዚህ በኢሜይል እንጫወታለን፣ እኔ በጽሑፍ፣ እሱ በፎቶ፣ መጻፍ ይሰለቸዋል። የዚያን ቀን ግን ከፎቶው በላይ ጽፏል። ሰኞ ልቤን ሊከፍቱት ነው፣ ከእሑድ በፊት ተጫወት፣ ተራህን ይዘህ እንዳትቀመጥብኝ፣ ጨዋታ በእንጥልጥል ትቼ መግባት አልወድም። እንዲህ ነው ያለው። ልቤን ሊከፍቱት ነው፣ የሱሪ ኪስ ይመስል።

ኢንተርኔት ቤት ሂድ እንጂ አለችኝ ባለቤቴ፣ ሄድኩ፣ ፓስዎርድ ያስገቡ አለኝ፣ ፓስዎርዱን ማን ያውቀዋል፣ የእህቴ ልጅ ማሽኑ ላይ አንዴ አስገብታው እዚያው ቀርቷል፣ እሷም ረስታዋለች። ደወልኩላት። አጎቴ፣ ማሽኑ አርጅቷል፣ ራሙ፣ ማለት የሥራ ማስታወሻው፣ አንሶታል፣ ሁለት ጊጋ ብቻ ነው ያለው፣ እኔ ለሥራ ከከተማ ወጥቻለሁ፣ እርስዎ ገዝተው ይጨምሩበት፣ ቀላል ነው፣ ግን የሚስማማውን ይግዙ፣ ሁሉም አይገጥምም። ቀላል ነው ግን። ይቺ ግን ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ።

ጎኑን ከፈትኩት። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅዬ፣ መነቀሉን ሦስት ጊዜ አይቼ፣ ባለቤቴ አራት ትላለች፣ የመስኮቱን ብረት ነክቼ፣ በእጅዎ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይገድለዋል ብላኛለችና የእህቴ ልጅ። አቧራው! እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ክር ወድቆ ማየት የማልወድ ሰው፣ ሆዱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ ሲያገለግለኝ ኖሯል። ራም ማለት ይቺ ናት፣ ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ ማበጠሪያ የምትመስል፣ አጠገቧ ባዶ ማስገቢያ አለ። ነቅዬ ልየው ወይስ አልንቀል፣ ብነቅለውና ባይመለስስ፣ ሰኞ ቢመጣስ። አልነቀልኩም። ሜትሬን አወጣሁና እዚያው እንደቆመች ለካኋት፣ አሥራ ሦስት ሴንቲሜትርና ሦስት መስመር። እጅጌ የምለካ ነበር የመሰለኝ።

ሱቋ ጠባብ ናት፣ ገመድ በገመድ ላይ፣ የምትሸጠውም የምትጠግነውም አንዲት ሴት ናት፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ዓይኗን ታጨነቁራለች። ምን ልታዘዝ አባባ? ራም፣ አሥራ ሦስት ሴንቲሜትር ከሦስት። ፋዘር ኮት ሊያሰፉለት ነው እንዴ አለ ከኋላዬ የቆመ ጎረምሳ፣ ሱቁ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ምን አደርጋለሁ። ዲዲአር ስንት ነው፣ ስንተኛው ትውልድ? አላውቅም ልጄ። የማሽኑ ዓይነትስ? ጥቁር ነው። እንግዲህ አዲሱን ልስጥዎ፣ ባይሆን ይመልሱልኛል፣ ብላ ሰጠችኝ። ባንኮኒው ላይ ለካሁት። አሥራ ሦስት ከሦስት። ልክ! ሆዴ ቅቤ ጠጣ፣ መንገዱን ሁሉ ኪሴን እየነካሁ ነው የሄድኩት።

አልገባም።

ቁመቱ ልክ ነው ግን አልገባም፣ ታች ጉብ ያለች ነገር ላይ ይቀመጥና ይወዛወዛል። ጫን በለው አለች ባለቤቴ ከበሩ። ጫን አይባልም። መርፌ ጨርቁ ውስጥ ሲጠምምና ሲቃወም እጅ ያውቀዋል፣ ያንን ጊዜ ፔዳሉን የሚረግጥ ሰፊ መርፌ ይሰብራል፣ እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት የሰበርኩት መርፌ ይቆጠራል። ቁጭ አልኩ። አርብ ማታ ነው፣ ማለት አርብ መሸ፣ ለእሑድ አንድ ቀን ቀረው፣ እና እኔ ቁመት ብቻ ለክቼ ኮት ሰፋሁ፣ ብብት ሳልለካ፣ ትከሻ ሳልለካ፣ ቆራጩ ቢያየኝ። ቁመቱማ የሁላችንም ይገጥማል ይለኝ ነበር፣ ሰው የሚለየው ትከሻው ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ብረቱን ነክቼ አሮጌዋን ነቀልኳት። ጎንና ጎን ያሉትን መያዣዎች ገፋ አደረግኩ፣ ቀጭ፣ ብድግ አለች፣ እንደ ዝሆን ጥርስ በሁለት እጄ። ከታች ጠርዟ ላይ ለካ ትንሽ ቁርጥ አለች፣ የቁልፍ ቤት የምታህል፣ ከመሃል ትንሽ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለች፣ የትናንትናው ላይም አለች ግን ቦታዋ ሌላ ነው። ይኸው ትከሻው! ቡናማ ወረቀት አመጣሁ፣ በጠመኔ ከበብኩ፣ ቁርጧን በምላጭ አወጣሁ፣ ልኳ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ላይዋ ላይ የተለጠፈውንም ጽሑፍ ቀዳሁት፣ የማላውቀው ቋንቋ ነው፣ ፊደል በፊደል፣ ጥልፍ እንደምገለብጥ፣ አንድም ሳላስቀር። የማሽኑንም ጀርባ ጽሑፍ።

አባባ፣ አሮጌውን ራሱን ይዘውት አይመጡም ነበር? አለችኝ ባለሱቋ። አውቶቡስ ውስጥ ቢሰበርስ ልጄ። መነጽሯን ከፀጉሯ አወረደች። የቀዳሁትን ታነባለች፣ ዲዲአር ስሪ ነው፣ ጎበዝ፣ ሁለት ጊጋ፣ ጎበዝ፣ ከዚያ ሳቋ አፈናት፣ እዚህ ጋ ደግሞ ምን ብለው እንደጻፉ ያውቃሉ? ይህ ወረቀት ከተላጠ ዋስትናው ይቀራል! አላላጥኩትም እኮ አልኩ፣ ደነገጥኩ፣ በእግዜር አልነካሁትም፣ አይዞዎት፣ አይዞዎት፣ ዋስትናው ካለቀ አሥር ዓመቱ ነው። ትናንትና የሰጠሁዎት ዲዲአር ፎር ነው፣ እኔም ሳላጣራ መስጠቴ ጥፋቴ ነው፣ ይመልሱት። ከመሳቢያ እያወጣች ወረቀቴ ላይ ታጋድማቸዋለች፣ ይሄ አጭሩ የላፕቶፕ ነው፣ ይሄ ቁርጡ አልገጠመም፣ ይሄ፣ ይኸው፣ ልክ እንደ ጓንት። ስምንት ጊጋ ትልቁን ስጪኝ አልኳት። ትልቅ ስለሆነ አይደለም አባባ፣ የእርስዎ ማሽን በአንድ ማስገቢያ ከአራት በላይ አያነብም፣ ስምንቱን ቢያስገቡ ጭራሽ አይነሳም፣ አራት አራት የሆኑ መንታ ልስጥዎ፣ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ይግባባሉ። እንዲያ ነው? እኔና ቆራጩ አንድ ዓይነት አልነበርንም፣ እሱ ቁጡ እኔ ፈሪ፣ ተግባብተን ኖርን። ወረቀቱን ትተውልኝ ይሂዱ አለችኝ ስወጣ፣ ግድግዳዋ ላይ ለጠፈችው፣ ለሚመጣው ሁሉ ላሳየው ነው። የኔ ልክ ግድግዳ ላይ!

ቀጭ። ቀጭ። ሁለቱም ገቡ፣ ሳልገፋ፣ የተቆረጠላቸው ቤት ነው። ሶኬቱን ሰካሁ። ጥቁር። መስታወቱ ጥቁር፣ ፊቴ ብቻ ነው የሚታየው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ልቤን ሊከፍቱት ነው፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ ገደልኩት ማለት ነው፣ ፓስዎርዱም አብሮ ሞተ፣ አሥራ ስድስት፣ በራ። በራ! ባለቤቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ ጎረቤት እንዳይሰማ ተወችው። ፎቶው መጣ፣ ሳይቃትት፣ እስከ ታች፣ የሰሌዳው ጠርዝ፣ የቆራጩ አውራ ጣት ጭምር፣ ጥፍሩ ላይ ያቺ የመቀስ ጠባሳ። ጥቁሯ ወደ ግራ ነው የሄደችው።

ተሳስቷል። ሁለት ልበላው እችላለሁ። ቁልፎቹን ራሴ ሰሌዳ ላይ ደርድሬ አየሁት፣ እውነት ነው፣ ሁለት በልቼ መንገዱን እዘጋበታለሁ፣ የሚወጣበት አንድ ቀዳዳ ቢኖር ነው። ሰኞ ልቡ ሊከፈት። ዝም ብዬ የዳሯን ባንቀሳቅስስ፣ ያላየሁ መስዬ፣ ደስ ብሎት ይግባ። እንዳታደርገው አለች ባለቤቴ፣ ከጀርባዬ ቆማ፣ ዳማ አታውቅም እኔን ግን ታውቀኛለች፣ ያዘንክለት መሆኑን ካወቀ ይሞታል፣ በኦፕሬሽኑ ሳይሆን በንዴት። በላሁት። ሁለቱንም። ጻፍኩለት፣ ከቀኝ አራተኛዋ ነጭ፣ ሁለት በላች፣ አሁን ተራው ያንተ ነው፣ ተራህን ይዘህ እንዳትቀመጥብኝ። ሄደ። ቅዳሜ፣ ገና ፀሐይ ሳትገባ።

እሑድ ምንም። ሰኞ ምንም፣ ሰኞ ምሳ ወረደልኝ አልልም። ማክሰኞም። ማሽኑ ግን አንዴም አልቆመ፣ ያለ ሥራ እከፍተዋለሁ፣ ድምፁን እሰማለሁ፣ ለስላሳ ነው፣ ዘይት እንደጠጣ የስፌት መኪና፣ እኔ አስተካከልኩህ እለዋለሁ፣ በገዛ እጄ፣ ማን ያምናል። ከዚያ የልጁ ደብዳቤ። ጋሼ፣ አባዬ በሰላም ወጥቷል፣ ሲነቃ መጀመሪያ ወረቀት ጠየቀ፣ ውሃ የሚል መስሎን ነበር፣ ተጫወተ ወይ ብሎ ጻፈ። አሳየሁት። እንደ ምላጭ ነው የበላኝ ብሎ ሳቀ፣ ስፌቱን አሞት ተወ። ሰሌዳውን አልጋው አጠገብ አድርጌለታለሁ፣ ዝም ብሎ ያየዋል፣ እንዳያስቸኩለኝ በለው ብሏል።

አላስቸኩልም። ተራው የሱ ከሆነ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፣ በየጠዋቱ ቁልፎቹን አቧራ አራግፌ ወደየቤታቸው እመልሳለሁ፣ ፎቶ መጥቶ እንደሆነ አያለሁ፣ አልመጣም፣ ሻዬን እጠጣለሁ። ቆራጩን አውቀዋለሁ እኮ፣ ለአንድ ኮት አንድ ጊዜ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ መቀሱን ሳያነሳ ተመልክቶታል፣ የጨርቁ ባለቤት እየመጣ እየጮኸበት፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቆረጠው፣ ያን የመሰለ ኮት ሰፍቼ አላውቅም። ገና ዘጠኝ ነው። ከልጁ ደብዳቤ ወዲህ የሰማሁት የለም፣ እሱም የመጣው ረቡዕ ነው፣ ረፋድ ላይ፣ ይሄኛውን ቀን አልሳሳትም።