ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ

«ጋሼ፣ ሰማያዊ ጃኬትዎን ይልበሱ» ብሎት ነበር ፈሀድ ሙሀመድሰዒድን፣ ስለ ከንቲባ አመራረጥ በተጠራው የሕዝብ ስብሰባ ዋዜማ። «መድረክ መሪው ሰው የሚጠራው በልብሱ ነው። ሲጠራዎት፣ ከንቲባውን፣ እንደ ድሮው፣ ምክር ቤቱ ይምረጠው፣ ሕዝብ በቀጥታ ከመረጠ ከተማው ይከፋፈላል ይበሉ። ሌላ አይጨምሩ።»

ፈሀድ የሐይቅ ዳር ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ጣና ዳር ከተደረደሩት ሱቆች የትኛው ተነሥቶ የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው። ሙሀመድሰዒድ ለደቅ ደሴት ዓሣ አጥማጆች መረብና ገመድ የሚሸጥበት ሱቅ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው ነው። «እሺ» አለ።

በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ጃኬት ለብሶ አዳራሽ የገባ እሱ ብቻ ነበር። በአንድ ጎኑ ግድግዳው፣ በሌላው ጎኑ ጎረቤቱ አበራ፤ መውጫ የለውም። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጣው አበራ ወባው ተነሥቶበት ይንቀጠቀጣል። ሙሀመድሰዒድ ጃኬቱን አውልቆ ደረበለት። ለአበራ አዝኖ ይሁን ለራሱ፣ እሱም አልለየውም።

«እዚያ ግድግዳው ጋ፣ ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ» አለ መድረክ መሪው።

«እኔን ነው?» አበራ ግራ ተጋብቶ ተነሣ። «እንግዲህ ከጠራችሁኝ፣ እኔ ልምረጠው ባይ ነኝ። የመረጥሁት ሰው ቢያጠፋ ጥፋቱ የእኔም ነው። ያልመረጥሁትን ምን ብዬ ልውቀሰው? ይከፋፈላል ትላላችሁ። እኔና ይኼ ጎረቤቴ በኳስ እንኳ ተስማምተን አናውቅም፤ ይኸው ጃኬቱን ለብሻለሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። ከፊት የተቀመጠው ፈሀድ ግን ዞሮ ሙሀመድሰዒድን ብቻ አየ። ከዚያ ተነሥቶ በመድረክ መሪው ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለ።

«እስቲ የጃኬቱ ባለቤትም ይናገሩ» አለ መሪው ፈገግ ብሎ።

አበራ ጃኬቱን አወለቀ። «እንካ፣ ልበሰው። ያንተው ተራ ነው።»

ጃኬቱ የአበራን ትኩሳት ይዟል። ሙሀመድሰዒድ ለብሶት ቆመ። በመስኮቱ በኩል የሱቆቹ ቆርቆሮ ይታያል።

«ምክር ቤቱ ይምረጠው» አለ። «ሕዝብ ከመረጠ... ከተማው ይከፋፈላል።»

መጀመሪያ ያጨበጨበው ፈሀድ ነው።

ሙሀመድሰዒድ ተቀመጠና ጃኬቱን አውልቆ መልሶ ዘረጋለት። አበራ አልተቀበለውም።

«ተወው፣ አሁን ሞቆኛል» አለ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር።