ከመሬት የሚወጣ ፔሮን

"ይሄስ ምንድን ነው አባባ?" አለች ዶክተሯ ሥዕሉን ወደ ሽማግሌው እያስጠጋች።

"ፔሮን ነዋ!" አሉ ሂልዲንግ። "ሌላ ምን ሊሆን?"

ሥዕሉ ላይ ያለው ድንች ነው። ልጃቸው ማሪት ከጎናቸው ተቀምጣ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዛለች። አባቷ እስካሁን ቀኑንም፣ ወሩንም፣ የንጉሡንም ስም አልሳቱም፤ ይህ ደግሞ አንጀቷን አሳርሮታል። አእምሯቸው ጤነኛ ነው ከተባለ ወደ ሰሜን፣ ወንዙ ዳር ወዳለው ቤታቸው ይመለሳሉ። ለዚያ ቤት እሷ ገዢ አግኝታለታለች፤ አእምሯቸው ታሟል የሚል የሐኪም ማስረጃ ከያዘች መሸጥ ትችላለች። ስቶክሆልም ድረስ ጎትታ ያመጣቻቸውም ለዚሁ ነው።

ዶክተር ቱቫ የደቡብ ሰው ናት። እሷ ባደገችበት አገር ፔሮን ማለት ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል፣ አንገቱ ቀጠን ያለ የፖም ዘመድ ነው።

"ፔሮን ይወዳሉ?"

"ያለሱ ምን ምሳ አለ? አሁን ቤቴ ስገባ እተክላለሁ፤ መስከረም ላይ ቆፍሬ አወጣዋለሁ።"

"ከመሬት ውስጥ?"

"ኧረ ከሰማይ!" ሽማግሌው በሳቅ ፈረሱ። "ፔሮን ዛፍ ላይ ሲያፈራ ያየሽ ቀን ጥሪኝ፣ መጥቼ ጉዱን አያለሁ!"

ዶክተሯ አልሳቀችም። ወደ ማሪት ዞረች።

"እናንተ አገር ሌላ ትርጉም አለው እንዴ? ወጣቶች ወላጆቻቸውን በቀልድ ፔሮን ይሉ የለ? እኔ ራሴ እናቴን እንደዚያ ነው የምጠራት።"

ማሪት አሳምራ ታውቃለች። ድንች አዲስ በገባበት ዘመን "የምድር ፔሮን" ተባለ፤ የእነሱ አገር ሰዎች ምድሩን ጥለው ፔሮኑን ብቻ አስቀሩ። ይህን የነገሯት አባቷ ናቸው፣ እሳቸው ሲቆፍሩ እሷ ከኋላ ስትለቅም። ስቶክሆልም በገባች ሰሞን "ፔሮን በቅቤ" ብላ ምግብ አዝዛ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሳቀባት፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

"ንገሪያት እንጂ ልጄ!" አሉ ሂልዲንግ። "ይቺ ልጅ ፔሮን አታውቅም!"

"የለም" አለች ማሪት ለዶክተሯ። "እኛም ጋ ፔሮን ያው ፔሮን ነው።"

የሽማግሌው ሳቅ ፊታቸው ላይ ደረቀ።

"ማሪት?"

"አባዬ፣ ይሄ ድንች ነው" አለች፣ ሕፃን እንደምታስተምር ቃሉን ረገጥ አድርጋ። "ድንች። በል እስቲ።"

ሂልዲንግ ትኩር ብለው አዩዋት። ሞኝ አልነበሩም፤ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። የመንደሩን ሰው ማንንም ደውለሽ ጠይቂ ቢሉ ዶክተሯ ትደውል ነበር። ያን ጊዜ ግን ልጃቸው በሰው ፊት ውሸታም ትሆናለች። ማሪት ይህን ሲያወጡና ሲያወርዱ ከፊታቸው ላይ አነበበች፤ ፈራችም።

"ልጄ ካለች" አሉ በመጨረሻ ወደ ዶክተሯ ዞረው፣ "እኔ ተሳስቼ ይሆናል። ድንች ነው።"

ዶክተር ቱቫ እጃቸውን በርኅራኄ ዳበሰች። ማሪት እውነቱን ለመናገር አሁንም ጊዜ ነበራት፤ አፏንም ከፈተች።

"የሐኪም ማስረጃው" አለች፣ "ዛሬ ይደርስልኛል?"