ዓይን ያልወጣለት ዝሆን

እስቲ ቁጭ በሉና ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ «ፓርባቲ፣ ግድግዳ ላይ የምታወጪውን ሥዕል ከየት ነው የምታመጪው?» ይለኛል። እኔ ምኑን አውቄ! እናቴ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተች ያስተማረኝ ሰው የለም። ጠዋት ኩሬው ወርጄ እታጠባለሁ፣ እህል ሳልቀምስ ለሀብት አምላካችን ለላክሽሚ መብራቷን አበራለሁ፣ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስነካለሁ። ከዚያ ጥቁር አፈር እቀባዋለሁ፤ እሱ ሲደርቅ ነጭ ጭቃ እደርብበታለሁ። ነጩ እርጥብ እያለ በተሰበረ ሚዶ ስፍቀው ከስር ጥቁሩ ብቅ ይላል። ሥዕሉ ያ ነው። ጭቃው ጊዜ አይሰጥም፤ ቆሜ ላስብ ካልኩ ይደርቅብኛል። ስለዚህ አላስብም። እጄ ያየውን ያወጣል፦ ዳክዬ፣ ዓሣ፣ አንዴማ የጎረቤቴን ዶሮ ከነኩርፊያዋ አውጥቻት ስንስቅ ከረምን።

ልጄ ሱጊያ ልታገባ ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር። እኛ ዘንድ የሙሽሮቹን ክፍል የምትስለው የሙሽሪት እናት ናት። ሱጊያ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

«እማ፣ የፈለግሽውን ሳዪ። ዝሆን ብቻ እንዳትስዪ።»

«ምን ነካሽ! እኔ ነኝ ዝሆን የምስልልሽ?»

«ሙቺ በይኝ።»

«ሙቺ!»

አባቷን ቢጋንን የገደለብን ዝሆን ነው፤ ካቻምና፣ የሩዝ ማሳችንን ሲጠብቅ። ከዚያ ወዲህ እቤታችን የዚያን አውሬ ስም አንጠራም።

በማግስቱ ከባሌ እህት ከኩንቲ ጋር ነጩን ጭቃ ቀባን። የኩንቲ ምላስ አያርፍም። «ቶሎ በይ እንጂ አንቺ፣ ሙሽራው መጥቶ ጭቃ ላይ ሊተኛልሽ ነው!»

እየሳቅኩ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቅጠል ወጣ፣ ቀጥሎ ወፍ። ከዚያ እጄ አንድ ትልቅ ጉብታ ሳበ። ኮረብታ መሰለኝ። ዛፍ ላበቅልበት ስል መስመሩ ወደ ታች ወረደና እግር ሆነ። ኩንቲ ዝም አለች። የሷን ዝምታ ስሰማ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። ዝሆን ነው።

«አጥፊው!» አለችኝ። «ልጅቷ ሳታይ ጭቃ ደርቢበት!»

ጭቃውን ዘገንኩ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ለልጄ ምዬላት ነበር። ዝሆኑ ግን ፊቱን ከበሩ አዙሮ ወደ ጫካ እየሄደ ነበር። እኔ አይደለሁም እንደዚያ ያዞርኩት። ሁለት ዓመት ደረቴ ላይ ቆሞ የነበረ ነገር ሲሄድ ያየሁ መሰለኝ።

ሱጊያ ገባች። አየችው፣ አየችው።

«ምለሽልኝ ነበር።»

«ምዬልሽ ነበር ልጄ። እጄ ነው። ላጥፋው? ቶሎ በይኝ፣ ሊደርቅ ነው።»

«ዓይኑስ የታለ?»

«ዓይን መጨረሻ ነው የሚወጣው።»

«እንግዲያው አታውጪለት። አይየን።»

ሚዶውን ከእጄ ወሰደችው። ስንት ዓመት ነይ ሞክሪ ስላት «እኔ እጅ የለኝም» ስትል የኖረች ልጅ ናት። በዝሆኑና በበሩ መሀል ከታች ወደ ላይ ትፍቅ ጀመር፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ሩዝ ነበር። ማንም ያልረገጠው ሩዝ።

«ይሄ ሩዝ ነው ወይስ መጥረጊያ?» አለች ኩንቲ።

ሱጊያ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። እኔም። ከዚያ ጭቃው ደረቀ፤ የሚጨመርም የሚቀነስም ነገር አልነበረም።

ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ ሚዶዬን በለበሰችው ሳሪ ጫፍ ቋጥራ ይዛብኝ ሄደች። አልጠየቀችኝም፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ። አሁን በጣቴ ነው የምሠራው፤ ጣት ደግሞ ቀጭን መስመር አይሆንለትም። እባካችሁ፣ ጥርሱ የረገፈ ሚዶ ካላችሁ አትጣሉት። ለኔ ላኩልኝ።