ያልተጨበጨበለት እንግዳ

ባኒግ የተባለውን የልጆች ተውኔት ቡድን የምንመራው ሦስት ሰዎች ነን። ማናንግ፣ ማለትም ታላቅ እህት፣ የምንላት ሲታ ተውኔቱን ታዘጋጃለች፤ ማኖንግ፣ ታላቅ ወንድም፣ የምንለው ዴልፊን ሙዚቃውንና የመድረክ ዕቃውን ይይዛል፤ እኔ መድረኩን አስተናብራለሁ። ልጆቹ በከተማችን በኢሎይሎ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ካሉት ሰፈሮች ይመጣሉ። እነሱ አይከፍሉም፣ እኛም አይከፈለንም። የመጀመሪያውን ተውኔት ያሳየነው መሬት ላይ በተዘረጋ የመኝታ ምንጣፍ ላይ ስለነበር ስማችን ባኒግ፣ ምንጣፉ፣ ሆኖ ቀረ። አሁን አሮጌ የስኳር መጋዘን አለን። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ድምፅ ስለሚውጥ ሁሉም ባለበት ቆሞ እስኪያባራ ይጠብቃል።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነበርኩ። ሥራዬ በማይክሮስኮፕ ያየሁትን መናገር፣ ያላየሁትን አለመናገር ነበር። ሲታ ጎረቤቴ ናት። "ማኖንግ ሲያኖ፣ አንተ ዝም ብለህ ማየት ትችላለህ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ዝም የሚል ሰው የለም" ብላ አመጣችኝ።

ባኒግ ውስጥ "እንግዳ" የምንለው ልማድ አለ። አዲስ ተውኔት ሊታይ ሲቃረብ ሦስታችን ከወተት ጣሳ ውስጥ ሳናይ ባቄላ እናወጣለን። ሁለቱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ነው። ጥቁሩ የደረሰው ሰው ልጆቹ የማያውቁትን አንድ ሰው ፈልጎ ወደ ልምምድ ይልካል፤ ለማንም አይናገርም፤ የዚያን ዕለትም ሰበብ ፈጥሮ ይቀራል። እንግዳው ልምምዱ መሐል አንድ ጉዳይ ይዞ ዘው ይላል። ልጆቹ በተውኔቱ ዓለም ውስጥ እንዳሉ ሊቀበሉት ይገባል። ሲታ ሁለት ጊዜ እስክታጨበጭብ ድረስ ማንም ከገጸ ባሕርይው አይወጣም። ስታጨበጭብ ሁሉም ያጨበጭባል፣ እንግዳውም ከእኛ ጋር ይበላል። አንድ ዓመት አሳማዋ የጠፋባት ሴት መጣች። ሌላ ዓመት የመብራት ቆጣሪ አንባቢ መጣና ልጆቹ የአበባ ጉንጉን አጥልቀውለት፣ ንጉሥ ብለው ዘፍነውለት፣ ግራ ገብቶት ሄደ። ሰውየው እውነተኛ ቆጣሪ አንባቢ ነበር።

የዘንድሮው ተውኔት ስለ አንዲት ጀልባ ነው። ባለቤቷ ባሕር ገብቶ አልተመለሰም። ሴት ልጁ "አባቴ ሞቷል፣ ጀልባዋ የእኔ ናት" ብላ በመንደሩ ጉባኤ ፊት ትሟገታለች። ልጅቷን የምትጫወተው ቨርናሊን ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች፤ ስትመዘገብም ይዛት የመጣችው አክስቷ ናት። የቅዳሜው ትርኢት ሙሉ በሙሉ እሷ ላይ ነው የቆመው፤ ምትክ የላትም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዴልፊን አልመጣም። የከበሮው ቆዳ ስለላላ ወደ ሃሮ ሰፈር ወስጄ ላሳጥብቀው ብሎ ነበር። ከበሮው ግን ጥግ ላይ ተቀምጧል። እኔ የወጣልኝ ነጭ ባቄላ ነው፤ ሲታ አጠገቤ ናት። ስለዚህ ጥቁሩ የዴልፊን ነው፣ እንግዳውም ዛሬ ይመጣል አልኩ። እስከዚህ ድረስ አልተሳሳትኩም።

ጉባኤው እንደተቀመጠ አንድ ሰው በር ላይ ቆመ። ሃምሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው ይመስላል። ሸሚዙ አዲስ ነው፣ የእጥፋቱ መስመር እንኳ አልለቀቀም፤ ለዛሬ የተገዛ የትርኢት ልብስ አልኩ። በእጁ የቸኮሌት ቆርቆሮ ይዟል፤ የመድረክ ዕቃ አልኩ። ሲራመድ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ወለሉ ያጋድልብኛል ብሎ እንደሚሰጋ ሰው ነው፤ መርከበኛን በደንብ አጥንቷል አልኩ።

"ቨርናሊን!" አለ። "ዕቃሽን ያዢ፣ እንሂድ።"

በተውኔቱ ስሟ ሌላ ነው። ዴልፊን የገጸ ባሕርይዋን ስም መንገር ረስቶ ይሆናል አልኩ።

የጉባኤውን ሽማግሌ የሚጫወተው ዲንዶ የጥጥ ጢሙን አስተካክሎ ዱላውን መሬት ላይ መታ። "አንተ! ጉባኤ መሐል ጫማህን አድርገህ የምትገባ፣ ከየት የመጣህ ነህ?"

ሰውየው ዙሪያውን አየ። ሁሉም ባዶ እግራቸውን ናቸው። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። "ይቅርታ። አባቷ ነኝ። ልወስዳት ነው የመጣሁት።"

በመንደሩ ሰዎች መካከል ደስታ እንደ እሳት ተዛመተ። ከዚህ የተሻለ እንግዳ መጥቶላቸው አያውቅም።

"ሟቹ!" አለች አንዷ። "ሟቹ ተመለሰ!"

"የምን ሟች?"

"አንተ ነሃ! ለቅሶህን ተቀምጠን፣ ዘጠኝ ቀን ጸሎት አድርሰን ስናበቃ!"

"ለቅሶህ ላይ ካርታ ተጫውቼ ተበልቻለሁ" አለ ሌላው። "አሁን ማን ሊክሰኝ ነው?"

"ማነው ሞተ ያላችሁ?"

ዲንዶ ዱላውን ወደ ቨርናሊን ቀሰረ። "ልጅህ። እዚሁ ቆማ፣ እጇን አንሥታ ምላልናለች።"

ሰውየው ወደ ቨርናሊን ዞረ። ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ የከንፈሩ ዳር ነጣ። "ሞቷል ብለሽ ነው የምትነግሪያቸው?"

ሲታ ክንዴን ጨመቀችው። "ከየት አገኘው?" አለች በሹክሹክታ። "ይሄን የመሰለ ሰው ኢሎይሎ ውስጥ ኖሮ እኛ አናውቀውም?"

"ዴልፊን ነው" አልኳት።

"ዴልፊን መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ከበሮውን አይቼዋለሁ።"

ቨርናሊን አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ሲታ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ ሰውየው። አንድ ነገር ስትመዝን ነበር፤ እኔ ግን ቃሏን እየፈለገች ነው አልኩ።

"ካርቶን የሚልክ ሰው አውቃለሁ" አለች። "ሳሙና፣ የታሸገ ሥጋ፣ ጫማ። ጫማው ሁልጊዜ ያለፈው ዓመት እግሬ ልክ ነው።"

በእኛ ተውኔት ውስጥ አባትየው ዓሣ አጥማጅ ነው። ካርቶን የሚባል ነገር የለም። እንግዳው መርከበኛ ሆኖ ስለመጣ ታሪኳን በእሱ ልክ እየሰፋች ነው ብዬ አደነቅኋት።

"ቅዳሜ ጠዋት እንበራለን" አለ ሰውየው፣ ቆርቆሮውን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወረ። "ማኒላ እህቴ ጋ ትሆናለች። ትምህርት ቤት አግኝቼላታለሁ። ትኬቷ ተቆርጧል።"

"ይበራል አለ!" አለ ካርታ ተበላሁ ባዩ። "ሞቶ ወፍ ሆኗል!"

ዲንዶ በዱላው ዝም አሰኘው። "በባሕራችን ሕግ፣ የእኔ ነው የሚል ሰው ይጠየቃል። ልጅህ ትንሽ ሳለች ምን ትፈራ ነበር?"

ሰውየው አሰበ። "ሽሪምፕ አትበላም" አለ። "ገላዋን ሽፍ ያደርጋታል።"

"እኔ የጠየቅሁህ ምን ትፈራ ነበር ነው።"

"ሽሪምፕ የማይበላው ወንድሜ ነው፣ ታታይ" አለች ቨርናሊን ዝግ ብላ፤ ታታይ አባባ ማለት ነው። "እኔ እበላለሁ።"

ሰውየው መሬት ላይ ተቀመጠ። አቀማመጡ የተዋናይ አልነበረም። "ሌላ ጠይቁኝ" አለ።

ልክ በዚያች ሰዓት አንዲት ሴት የጎማ ጓንት አጥልቃ፣ የእጅ ባትሪ ይዛ በጓሮ በር ገባች። "ከጤና ጣቢያ ነኝ! የትንኝ እጭ ፍለጋ ነው። ውሃ ያቆረ ነገር ሁሉ ይገለበጥ!"

ሮጬ ደረስኩባት። "እመቤት፣ እባክሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። እንግዳ አለብን።"

"ትንኝ እንግዳ አያውቅም" አለች፤ ጭራሽ ወደ ጉባኤው ልታልፍ።

ክንዷን ይዤ ወደ ጓሮ፣ ወደ በርሜሎቹ ወሰድኳት። ሥራዋን ከልቤ ነው ያከበርኩት፤ እኔም በዚያው ሙያ ዳርቻ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ግን አፈላለጓ አናደደኝ። ባትሪዋን የምታበራው በርሜሉ ደረቅ ጎን ላይ ነው።

"እዚያ አይደለም" አልኳት። "እጭ ከውሃው ገጽ ሥር ተንጠልጥሎ ነው የሚተነፍሰው። ጥላሽን አታጥይበት፣ ይጠልቃል። ጎንበስ በይ። ከዚህ በታች።"

ጎንበስ አለች። አንዱን በርሜል አየን፣ ሁለተኛውን ገለበጥን፣ ውሃው ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ጓንቷን አወለቀች።

"ማኖንግ፣ በቃኝ" አለች። "የዴልፊን አክስት ልጅ ነኝ። እንግዳችሁ እኔ ነኝ። ዘው በይ አለኝ እንጂ በርሜል ግልበጣ አለ አላለኝም።"

"ውስጥ ያለውስ ሰውዬ?"

"እኔ ምኑን አውቄ?"

ቆሜ ቀረሁ። ሸሚዙ፣ ቆርቆሮው፣ አረማመዱ፣ የጠራው ስም፣ ካርቶኑ። ሁሉንም አይቻለሁ፣ አንዱም አላመለጠኝም። እንደገና አንድ በአንድ ስደረድራቸው ሁሉም ወደ ሌላ ቦታ ያመለክታሉ። የታጠፈ ሸሚዝ ከሻንጣ ይወጣል። ቸኮሌት ከአየር ማረፊያ ይገዛል።

ስመለስ ሲታ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ሁለት እጇን ለማጨብጨብ አንሥታ ነበር።

"ቆይ" አልኳት። "ያ ሰው እንግዳችን አይደለም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"አባቷ ነው።"

እጇ አየር ላይ ቀረ። ብታጨበጭብ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ያጨበጭባሉ፤ ያ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ በደስታ ይጮኹበታል። ባታጨበጭብ ደግሞ ሞተሃል እያሉት ይቀጥላሉ። ምን እንደሚሻል እኔን ጠየቀችኝ፤ እኔም እሷን ጠየቅኋት።

"ማናንግ ሲታ" አለች ቨርናሊን፣ ፊቷን ሳታዞር። "አደራ፣ እንዳያጨበጭቡ። አልጨረስኩም።"

ያን ጊዜ ነው ከመጀመሪያው ጀምራ ሁሉን እንደምታውቅ የገባኝ። እኛ ምን እንዳሰብን አውቃለች፤ እሱ ምን እንዳላወቀም አውቃለች፤ በዚያ መሐል ባለው ስፍራ ቆማ ነው የተናገረችው። ወይም እንደዚያ ይመስለኛል።

"ታታይ" አለችው። "'ልውሰድሽ' ከማለትህ በፊት 'ወዴት ትሄጃለሽ' ብለህ ጠይቀኝ።"

ሰውየው ጉባኤውን በሙሉ አየ፣ ጥጥ ጢሙን፣ ዱላውን፣ ካርታ የተበላውን ልጅ። ማን ፈቃድ እንደሚሰጠው የሚፈልግ ይመስል ነበር። "ወዴት ትሄጃለሽ?" አላት።

"አላውቅም" አለች። "እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቅዳሜ ግን እዚህ ነኝ።"

ዲንዶ ማጨብጨቡ ስለዘገየበት ወደ እኛ አየ። ከእኛ ምንም ምልክት አልመጣለትም። ምስኪን ልጅ፣ ደንቡን አክብሮ ፍርዱን ሰጠ። "ጀልባዋ እስከሚቀጥለው ጉባኤ ከልጅቷ ጋር ትቆይ። አባትየው እሷ ባለችበት ተቀምጦ ይያት። አይናገር። ይያት።"

"የሚቀጥለው ጉባኤ መቼ ነው?" አለ ሰውየው፣ ከልቡ።

ዲንዶ ተደናበረ። "ቅዳሜ" አለ። "አሥራ ሁለት ሰዓት። መግቢያው በነፃ ነው።"

ማንም አልሳቀም። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ተነሣ፣ ቆርቆሮውን ለቨርናሊን ሰጣት። እሷ ከፈተችና በመንደሩ ሰዎች መካከል አዞረችው። ሲታ እጇን በኪሷ ከተተች። ከገጸ ባሕርይ የሚያወጣቸው ስለሌለ ልጆቹ ቸኮሌቱን እንደ መንደር ሽማግሌ እያመሰገኑ በሉት፣ ነጠላ ጫማቸውን እየተጫሙም በዚያው አነጋገር ተሰነባበቱ።

ዴልፊን በትኩሱ የተጠበሰ ሙዝ ይዞ ደረሰ። "እንግዳዬስ? እንዴት ነበረች?"

"ጓሮ እግሯን እየታጠበች ነው" አልኩት።

ሰውየው በሩ ላይ ጫማውን እያሰረ ጠበቀኝ። ስሙ ፍሎረንሲዮ ነው፤ የመርከብ ሥራ ውሉ ሳይጠበቅ ቶሎ አልቆ፣ ላስደንቃት ብሎ ለአክስቷ ብቻ ነግሮ ነው የመጣው። "ጌታዬ" አለኝ፣ "እነዚህ ልጆች በእውነት ሞቷል ብለው ነው የሚያስቡት?"

ከየት ጀምሬ እንደማስረዳው ግራ ገባኝ። ስለ ባቄላው? ስለ ከበሮው? "አሁን እንኳ አያስቡም" አልኩት።

ዓርብ ተመልሶ መጣ። ጫማውን ውጭ ትቶ፣ ባዶ እግሩን ደፍ ላይ ቆመ። ጉባኤው ተቀምጧል፤ ቨርናሊን መሐል ላይ ናት።

"ዛሬ ማነኝ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አላውቅም፤ ብቻ ይግቡ።"

ምንጣፉ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "ትኬቱን አዛውሬዋለሁ።"

"ለመቼ?"

እንደ አገራችን ልማድ ከንፈሩን አሹሎ ወደ ልጁ አመለከተ። "ገና አልነገረችኝም።"

ሲታን አየኋት። እጆቿ ጭኖቿ ላይ ናቸው። የረቡዑን ልምምድ እስካሁን አልዘጋችውም።