ማማሰያውን ማን ይያዝ?

በቤተል ሪጅ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አንድ ሕግ አለ። የትም አልተጻፈም፤ ከተጻፉት ሁሉ ግን ይበልጥ ይከበራል። ማማሰያውን የያዘ ሰው፣ ሌላ ሰው መጥቶ ከእጁ ካልተቀበለው በቀር አይለቅም። ዝናብ ቢመጣ አይለቅም፣ ንብ ብትነድፈው አይለቅም። የአርዲት ኬስለር እናት ምጥ ይዟቸው እንኳ ተረካቢ እስኪደርስላቸው ድስቱን ሲያማስሉ ነበር ይባላል፤ በዚያው ሌሊት የተወለደችውም አርዲት ነች። እሷ ይህ ሲወራ "ተጋኗል" ትላለች እንጂ ውሸት ነው ብላ አታውቅም።

የዚያ አገር ሰው ወቅቱን የሚያውቀው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በሚበስለው ነው። ከፋሲካ በፊት በየረቡዑ ሾርባ ነው። በሰኔ የእንጆሪ እራት ነው። በገና ለልጆች ብርቱካንና ከረሜላ በወረቀት ከረጢት ይታሰራል፤ ልጅ ቢጠፋም ይታሰራል፣ ሽማግሌዎቹ እየተሽኮረመሙ ወደ ቤታቸው ይወስዱታል። በጥቅምት ደግሞ የፖም ማርማላታ አለ። ዓርብ ምድር ቤት ተሰብስበው ፖሙን ይልጡታል። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ግቢው ውስጥ እሳት ተቀጣጥሎ ትልቁ የመዳብ ድስት ይጣዳል። ከዚያ ፖሙ ጠቁሮና ወፍሮ ማርማላታ እስኪሆን ድረስ ቀኑን ሙሉ ማማሰል ነው።

ዘንድሮ በዚያው ቅዳሜ ሌላ ጉዳይ ተደረበበት። የወረዳው አብያተ ክርስቲያናት የበላይ ኃላፊ ቄስ ኮልዌል ሊመጡ ነው፤ የሚመጡትም አባላቱ ቤተ ክርስቲያኑን ለመዝጋት እጅ እንዲያወጡ ነው። ከተዘጋ ሕንፃው ይሸጣል፣ ሰዉም ከተማ ወዳለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ቀኑን የመረጠው የአርዲት ታናሽ ወንድም ዴልበርት ነው። ይዘጋ የሚሉትም መሪያቸው እሱው ነው።

"ሰው ሁሉ ለማርማላታው ይመጣል" አለ ዴልበርት። "ግማሽ ሰዓት ወደ ውስጥ እንገባለን፣ እጅ እናወጣለን፣ አለቀ።"

እዚያ ድስት ሥር ያደገ ሰው እንዲህ ይላል! ማርማላታ እሳት ላይ ተጥዶ ግማሽ ሰዓት የሚባል ነገር እንደሌለ ዴልበርት አጥቶት አይደለም፤ ምሬት አስረስቶት ነው። ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር መሰላል ተሸክሞ የሚወጣው እሱ ነበር። አምና ግን ከመሰላሉ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ እስካሁን ያነክሳል። ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ላይ የወጣ ሰው የለም። በመዘምራኑ አግዳሚ ላይ ባልዲ ተቀምጦ ጠብ ጠብ የሚለውን ይቀበላል። አርዲት ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ማወቋ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳታል። እናትና አባቷ፣ ባሏ ሃዋርድም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ነው ያረፉት። የዋናው በር ቁልፍ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ነው የሚውለው፤ ከእናቷ የተረከበችው ነው። ቄሱ ቁልፉን በዚያው ቀን እንደሚረከቡ ዴልበርት ሲነግራት "አንገቴን ቆርጠው ይውሰዱት" ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

ቄስ ኮልዌል የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ማርማላታው ያን ጊዜ እንደ ጭቃ ወፍሮ ነበር፤ ሰዓቱ የዕለቱ ክፉ ሰዓት ነው፣ ለአፍታ ከተዘናጉ ታች ይይዛል። ማማሰያውን አርዲት ይዛለች። ድስቱ ውስጥ በሆምጣጤ ታጥበው የተጣሉ የመዳብ ሳንቲሞች አሉ፤ ማማሰያው ሲገፋቸው ታቹን እየፋቁ ይንኳኳሉ። እነሱ እስከተሰሙ ድረስ አያርርም።

ቄሱ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ አንደበታቸው የለሰለሰ ሰው ናቸው። የሁሉንም እጅ እየዞሩ ጨበጡ።

"ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" አለች ሎይስ ፔንስ በአርዲት ጆሮ። ሎይስ የአርዲት የልብ ጓደኛ ነች፤ ምላሷን የሚፈራ ብዙ ሰው ነው።

"ወይዘሮ ኬስለር፣ እንዴት ያለ መዓዛ ነው! ገና ከመኪና ሳልወርድ ነው የሸተተኝ" አሉ ቄሱ።

"ማሽተት ነፃ ነው" አለች አርዲት።

"እንግዲህ ሁሉም ካለ፣ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ውስጥ ብንገባ?"

"ድስቱስ?"

"እስክንመለስ ከእሳቱ ላይ አውርደነው…"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የሎይስ ባል ኧርል ያቀፈውን ማገዶ ጥሎ ሆዱን ያዘ።

"ቄስ ኮልዌል" አለች ሎይስ፣ "እርስዎ ሲያጋቡ ሙሽራዋን መሃል ላይ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ቤቷ ይመልሷታል?"

ዴልበርት ፊቱ ቀላ። "በቃ እዚሁ ይሁን! ወንበር አምጡ!" አለ። ታጣፊ ወንበሮቹ ከምድር ቤት ወጡና ድስቱን ከበው ተደረደሩ። የዴልበርት ወገኖች ከሚስቱ ከዊልማ ጋር በአንድ በኩል ተቀመጡ፤ የተቀሩት በሌላው በኩል። እሳቱ መሃል ነው።

ቄሱ ቆመው ተናገሩ። ክፉ ነገር አልተናገሩም፤ ክፉው ይኸው ነበር። የሚያስተዳድሯቸው አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መሆናቸውን፣ አገልጋይ አለመገኘቱን፣ የከተማው ቤተ ክርስቲያን የጋዝ ምድጃ ያለው ሰፊ ወጥ ቤት እንዳለው፣ ማርማላታውም እዚያ በጣሪያ ሥር ሊሠራ እንደሚችል ነገሯቸው።

"ለሁሉም ጊዜ አለው" አሉ በመጨረሻ። "መጀመር ቀላል ነው። ማቆም ነው ድፍረት የሚጠይቀው።"

"አልተግባባንም" አለች አርዲት ማማሰሏን ሳታቋርጥ። "እኛ ድፍረት አላነሰንም። እናቴ ድርቅ በነበረ ዓመት ፖም ከሌላ አውራጃ አስመጥተው ድስቱን ጥደዋል። ጎርፍ የመጣ ዓመት እሳቱን በጋሪ ላይ አንድደናል። የከተማው ወጥ ቤት የራሱ ሰው አለው፤ እኛን እንግዳ አድርጎ ጥግ ላይ ያስቀምጠናል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲሉ እሰማለሁ። ይሄ የሞኝ ደጃፍ አይደለም!"

"ደፋር ነሽ፣ እሺ!" ብሎ ዴልበርት ተነሳ። "ጣሪያውን ማን ይጠግነዋል? አንቺ ትወጫለሽ? ወይስ ኧርል ደረቱ ውስጥ ያለውን የልብ ባትሪ ይዞ ይውጣ? ሰው የለንም፣ አርዲት! ይቺን ማማሰያ እንኳ የምንቀባበላት እጃችን የሚንቀጠቀጥ ሰዎች ነን። እኔ ከዚያ መሰላል ስወድቅ መሰላሉን የያዘልኝ ሰው ነበር? ማን ነበር?"

ነገሩ አርዲትን ወጋት፣ እውነት ነውና። በዚያ ቀን እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ከሎይስ ጋር ትስቅ ነበር፤ የሰማችው ሲወድቅ ነው። አንገቷን ደፍታ ጥቂት አማሰለች። ከዚያ ቀና አለች።

"ቄስ ኮልዌል፣ ትከሻዬ ዛለ። እስቲ ይቀበሉኝ።"

ቄሱ በትሕትና ተቀበሏት። እጀታው ከሰው ቁመት የሚረዝም፣ ከባድ ነገር ነው፤ እሳቸው ደግሞ መሃል መሃሉን እንደ ሻይ ያማስሉት ጀመር።

"ዳር ዳሩን፣ ቄስ! ዳር ዳሩን!" አለ ዴልበርት ከወንበሩ።

አርዲት ክሩን በራሷ ላይ አውጥታ ቁልፉን በሁሉም ፊት ባዶ ወንበር ላይ አኖረችው።

"ቁልፉ ይኸው። ማቆም ድፍረት ነው ብለውናል፤ እንግዲያው እናቁም። የምንቆልፈው በር ብቻ አይደለም፣ ይሄንን ነው የምናቆመው። ቄስ ኮልዌል፣ ማማሰያውን ይልቀቁት። ማንም እንዳይነካው። ይዘጋ የምትሉ ሁሉ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ድስቱ ሲያርር እዩ። ዓይናችሁ ችሎ ካየ፣ ቁልፉን ራሴ አንስቼ ለቄሱ እሰጣለሁ። አንዲት ቃል አልናገርም።"

"አንቺዬ፣ አብደሻል?" አለች ሎይስ።

"ምን አገናኘው?" አለ ዴልበርት። "ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው!"

"ፈራህ?"

"ማን ነው የሚፈራው? ይልቀቁት፣ ቄስ! ይልቀቁትና ይረር!" ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እጁንም ደረቱ ላይ አጣጠፈ።

ቄሱ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩና ለቀቁት። እጀታው የድስቱ ጠርዝ ላይ ተንጋለለ። የሳንቲሞቹም ድምፅ ቀጥ አለ።

ከጠዋት ጀምሮ ስለሚሰሙት ድምፁ መኖሩን ረስተውት ነበር። አሁን ዝም ሲል ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር የተወሰደበት መሰለ። ማርማላታው በዝግታ አበጠ፣ ቡፍ ብሎ ፈነዳ፣ ደግሞ አበጠ። ዊልማ መሬት መሬቱን ታያለች። ኧርል በልማዱ ማገዶውን ከእሳቱ ሊያወጣ ጎንበስ ሲል ሎይስ በክርኗ መታችውና ተወው።

አርዲት እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ሸጉጣ ጨርቁን ጨምድዳ ይዛለች። በሕይወቷ አንድም ድስት አሳርራ አታውቅም፤ ሃዋርድ የተቀበረ ሰሞን እንኳ አላሳረረችም። ምን ነክቶኝ ነው ብላ አሰበች። የእናቴን ድስት በገዛ አፌ! ቀረፋውና ቅርንፉዱ አሁንም ይሸታል፤ ከሥሩ ግን ሌላ ሽታ መጣ፣ ቀጭን፣ መራራ። መያዝ ጀምሯል። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁሉም ይቅር፣ ቁልፉንም ይውሰዱት፣ ድስቱ ግን አይረር ብላ አንድ እግሯን አነሳች።

"የማትረቡ!" የሚል ጩኸት ግቢውን ሞላው።

ዴልበርት ነው። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ። እያነከሰ ሁለት ሰው ገፍትሮ ማማሰያውን በሁለት እጁ አፈፍ አደረገና እስከ ታች አጠለቀው። ሳንቲሞቹ ታቹን ፋቁ፣ ተንኳኩ።

"ኧርል፣ እሳቱን ቀንስ! ቁጭ ብለህ ምን ታየኛለህ? ሰው እንዲህ ይሠራል? ይሄን ሁሉ ፖም! ዓርብ ሙሉ ስንልጥ የዋልነውን!" እየጮኸ ያማስል ጀመር፤ ዳር ዳሩን ሁለት ጊዜ፣ መሃሉን አንድ ጊዜ፤ አርዲት በልጅነቱ ወንበር ላይ አቁማ እንዳስተማረችው።

አርዲት ያነሳችውን እግር ቀስ ብላ መለሰች። ያየቻት ሎይስ ብቻ ነች፤ ሎይስም ምላስ እያላት ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም።

ቄስ ኮልዌል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ወይዘሮ ኬስለር፣ ይሄ በሕጋችን ድምፅ አይባልም" አሉ።

"አይባልም" አለች አርዲት። "በሕጉ ያስወጡና እጅ እንይ።"

"መልካም። ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።"

የዴልበርት ወገኖች ሁሉ ወደ ዴልበርት ዞሩ። ቀድሞ የመከራቸው "እኔ ሳወጣ አውጡ" ብሎ ነው። የእሱ እጆች ግን ሁለቱም ማማሰያው ላይ ናቸው።

"አንድ ሰው ይቀበለኝ!" አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኧርል ሰማይ ሰማይ አየ።

"ዊልማ!"

"እኔ እጄ ላይ ሪህ አለብኝ" አለች ሚስቱ፣ ከወንበሯ ንቅንቅ ሳትል።

ቄሱ ጥቂት ጠበቁ። "አቶ ዴልበርት፣ እጅዎን ያወጣሉ?"

ሊለቀው ይችል ነበር። የያዘው ሰው አልነበረም፣ ያሰረው ሰው አልነበረም። አርዲት ዓይኗን ከጀርባው ላይ ሳትነቅል ቆመች። ዴልበርት አንድ ዙር አማሰለ፤ ደግሞ አንድ ዙር።

"እጄ ሥራ ላይ ነው፣ ቄስ" አለ ሳይዞር። "አይታይዎትም እንዴ?"

ከወገኖቹ አንድም እጅ አልወጣም። ቄሱ አይዘጋ የምትሉ ሲሉ ግን ከዚህም ከዚያም ወጣ፤ የዊልማ ሪህ የያዘው እጅ ሳይቀር ወጣ። ቄስ ኮልዌል እንዲህ ያለ ስብሰባ መርቼ አላውቅም ብለው ተቀመጡ፤ ሎይስም ትኩስ ዳቦ ላይ ማርማላታ ቀብታ አስያዘቻቸው። ትንሽ አሯል፣ ግን በሉት።

አርዲት ቁልፉን ከወንበሩ አንስታ አንገቷ ላይ መለሰችና ወንድሟ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

"ሰኞ ጣሪያው ላይ የምወጣ ከሆነ" አለ ዴልበርት ዓይኑን ከድስቱ ሳያነሳ፣ "መሰላሉን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

"እኔ እይዛለሁ።"

"በዚያ ትከሻሽ?"

"በዚህ ትከሻዬ። አንተ እስክትወርድ አለቅም።"

ዴልበርት በአፍንጫው ተነፈሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልታወቀም። "እሺ፣ አሁን ይሄን ተቀበይኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ" አላት።

አርዲት እጆቿን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ትንሽ ይቆይ ብላ ማርማላታው የሚሞላባቸውን ብልቃጦች ልታመጣ ሄደች።