የተጋደመችው መዶሻ

«ውሻ ቢታጠብ ያው እርጥብ ውሻ ነው» ያለኝ ዋርሳዬ ነው፤ የሚስቴ ታላቅ ወንድም። የተጠመቅሁ ዕለት፣ እሑድ፣ ከውሃው ወጥቼ ልብሴ ገላዬ ላይ እንደተጣበቀ፣ የጸሎት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነው ያለኝ። ሰው ሳቀ። ከሳቁት አንዱ ፎጣ ያቀበለኝ የጸሎት ቤቱ ወንድም ነበር፤ እሱንም አልረሳሁትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከዚያ በፊትም ብዙ አለ። ሠርጌ ላይ የእኔን ዘመዶች በጓሮ በር አስገብቷቸዋል። ትምህርቴን ከሦስተኛ ክፍል እንዳቋረጥሁ የሰማ ቀን ስሜን ትቶ «ሦስተኛ» ማለት ጀመረ፤ እስከ ዛሬም አልተወው። ልጄ ስትወለድ መጥቶ አያትና «እግዜር ይመስገን፣ በእናቷ ወጣች» አለ። ሁሉንም ሆዴ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ሆዴ ደግሞ ሰፊ ነው።

እኔም በግ አልነበርሁም። መጠጥ ቤት ውስጥ የአንዱን መንጋጋ ሰብሬ ስታሰር ሚስቴ ልጃችንን አዝላ አባቷ ቤት ገባች። የተመለሰችው ከተጠመቅሁ በኋላ ነው፤ ያውም ቃል አስገብታኝ። «አንድ ጊዜ እጅህን በሰው ላይ ብታነሣ» አለችኝ፣ «በዚያው ነው። ወንድሜ እስኪመጣም አልጠብቅም፣ ራሴ እሄዳለሁ።» ዋርሳዬ ይህን ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሁሉ እጄን ማስነሣት ሆነ።

የምንሠራው አንድ ቤት ነው፤ የአማቴ ባሌስትራ ቤት። የከባድ መኪና ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ጎባጣ ብረት፣ ሲዝል እሳት ውስጥ እናግለዋለን፣ ቀጥቅጠን መልሰን እናጎብጠዋለን። አማቴን እሳቱ ዓይኑን ስለ በላው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ይውላል፤ አለቃው ልጁ ነው። ዋርሳዬ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ በትንሽ መዶሻ ቦታውን ጠቅ ያደርጋል፤ እኔ እሱ በነካበት ላይ ማርቴሎውን፣ ትልቁን መዶሻ፣ አወርዳለሁ። ሕጋችን አንድ ነው። ትንሿ መዶሻ መስፉ ላይ፣ የምንቀጠቅጥበት ብረት ላይ፣ በጎኗ ከተጋደመች፣ ያዡ ብረቱን ሊገለብጥ ነውና እጁ መስፉ ላይ ነው፤ ማርቴሎ አይወርድም። አየር ላይ ያለም ቢሆን ወደ ጎን ይጣላል። በዚህ ሕግ የቀለደ መቺ ነበረን። የቀለደበት ያዥ ዛሬ በሦስት ጣት ነው የሚበላው።

ማክሰኞ ጠዋት ነው።

«ሦስተኛ!» አለኝ፣ ብረቱን ከእሳት እያወጣ። «ዛሬስ ጸለይህ?»

ማርቴሎውን አነሣሁ።

ጠቅ። ማርቴሎ። ጠቅ። ማርቴሎ።

«ምን ብለህ? ጌታ ሆይ፣ ዋርሳዬን ግደልልኝ ብለህ?»

ጭስ ሳቀ። ጭስ የምንለው ከሰሉን የሚያነደውን ባልደረባችንን ነው። እኔን ያቃጠለኝ ሳቁ አልነበረም፤ የዋርሳዬ ነገር እውነት መሆኑ ነው። ልክ እንደዚያ ነበር የጸለይሁት። ሰባኪያችን ስለ አዲስ ሰው ሲናገር አፉ ማር ነው፤ እኔ ግን አዲሱን ሰው ውስጤ ፈልጌ አጣሁት። ያገኘሁት ያንኑ መንጋጋ ሰባሪ ነው፣ ትንሽ ረጠብ ብሎ። በሕልሜ እንኳ የዋርሳዬን ፊት መስፉ ላይ አስተኝቼ እቀጠቅጣለሁ። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት የሚሉት ለኔ ነው።

ጠቅ። ማርቴሎ። ፍንጣሪው አንገቴ ላይ ዐረፈ።

«ባንተ እንኳ አልፈርድም» አለ፣ ጭስ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እናትህም ከየደጁ ፍርፋሪ ለቅማ ነው ያሳደገችህ። ውሻ ውሻ ይወልዳል።»

እናቴ የሰው ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችኝ። ስትቀበር የእጇ ቆዳ በሳሙና እንደተላጠ ነበር። ፍርፋሪ ግን አልለቀመችም።

ማርቴሎውን ከራሴ በላይ አወጣሁት። ዓይኔ ብረቱ ላይ አልነበረም፤ ጉጠቱን የያዘው እጅ ላይ ነበር። መጀመሪያ እጁን፣ ከዚያ ግንባሩን። አጥንቱ ሲደቅ የሚያሰማው ድምፅ አስቀድሞ ተሰማኝ፤ ደስም አለኝ። ልክ ያን ጊዜ ብረቱን ሊገለብጥ መዶሻዋን አጋደማትና እጁን አስገባ። እናቴን ሰድቦ አፉን ሳይዘጋ እጁን ከማርቴሎዬ ሥር አስገባ!

ክንዴ ለምዶ ነው የተመለሰው ይሉ ይሆናል። ክንዴማ ልማዱን ሽሮ ወርዶ ነበር። መዶሻዋን እያየሁ ነው ማርቴሎውን ያወረድሁት። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ውስጤ፣ ያ ሁሉ ቂም ከተከመረበት ሥር፣ አንድ ሌላ እጅ ሌላ መዶሻ አጋደመ። እኔ አይደለሁም። እኔ መቺው ነበርሁ።

ማርቴሎው ከጣቶቹ አጠገብ የመስፉን ጠርዝ መታ። መስፉ ጮኸ። የጋለው ባሌስትራ ዘሎ ክንዴን ልጦ ወደቀ፤ የራሴ ሥጋ ሲጠበስ ሸተተኝ።

ዋርሳዬ ልመታው እንደነበር ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ጉጠቱን አነሣና አፌ ላይ አሳረፈው። ጥርሴ ምላሴ ላይ ተሰበረ። ወደቅሁ። በጫማው ጎኔን መታኝ፣ ደገመኝ፣ ሠለሰኝ።

«ልትገድለኝ ነው? ምታኛ! ተነሥተህ ምታኝ፣ ወንድ ከሆንህ!»

ጭስ ከኋላ ሊይዘው ሲሞክር በክርኑ አፍንጫውን አፈረጠው። ማርቴሎው ግን እጄ ላይ ነበር። የዋርሳዬ ጉልበት እዚያው ፊቴ ነበር። አንዴ ብቻ ባሳርፍበት ይበቃ ነበር።

አማቴ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ፤ በምርኩዙ አየሩን ይደበድባል። «ማነው የመታ? ማነው የተመታ?»

«አማችህ ነው አባባ! ሊገድለኝ ነው!»

«የት ላይ መታህ?»

ዋርሳዬ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ከዚያ እጁን ተመለከተ። ጣቶቹ ሁሉም ቦታቸው ላይ ነበሩ።

«አልነካውም አባባ» አለ ጭስ፣ አፍንጫውን ይዞ። «ሳተው።»

መስፉን ተደግፌ ተነሣሁ። ማርቴሎውን ከነደሜ ሳነሣው ዋርሳዬ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ እንደዚያ ሆኖ ዓይቼው አላውቅም። መስፉ ላይ፣ ከትንሿ መዶሻ ጎን፣ ማርቴሎውን አጋደምሁትና ወደ በሩ ዞርሁ።

መሄዴን ሲያይ ድምፁ ተመለሰለት። «ወዴት ነው? እርጥብ ውሻ! ስሰድብህ መልስ የለህም? የእናትህ ልጅ! ዞር በልና መልስ ስጠኝ!»

መልስማ ነበረኝ። ስለ ጓሮው በር ነበረኝ፣ ስለ ሦስተኛ ነበረኝ፣ ስለ እናቴ እጅ ነበረኝ። ለዓመታት ስስላቸው የኖርሁ ናቸው፤ አንዱም አልደነዘም፣ ዛሬም አሉ። አፌ ግን በደም ተሞልቷል። ደጁ ላይ ተፋሁት።

አማቴ እጁን ዘርግቶ ደረቴን ዳሰሰ፤ ማን እንደሆንሁ ሲያውቅ ከመንገዴ ገለል አለ።

ከኋላዬ ስድቡ ቀጠለ። የተቃጠለ ክንዴን አቅፌ፣ ልጄና እናቷ ወዳሉበት አቅጣጫ ሄድሁ።