ቅንድብ ያላቸው ብረት አቅላጮች

ያን ምሽት አባዬ ከብረት ማቅለጫው ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አይኑን አጨንቁሮ አየኝና «ማነሽ?» አለኝ። እኔን፣ ምንትዋብን፣ የገዛ ልጁን። የምድጃውን ሙቀት እኮ በአይኑ ነው የሚለካው፤ ሰማያዊ መነጽር አድርጎ እሳቱን ያያል፣ ቀለሙ ሲገባው «ደርሷል» ይላል፣ ብረቱ ይፈሳል። ብረት አቅላጮቹ ጋ ደግሞ ቅንድቡ ያልነደደ ሰው ገና ጀማሪ ነው ይባላል፤ አባዬ ቅንድብ ኖሮት አይቼው አላውቅም። አይኑ ጭራሽ ቢጠፋስ እያልኩ ሳለቅስ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዛ በቃ፣ አንዲት የሥራ ቆብ ያደረገች ሴትዮ፣ ጸጉር የሚያህል የሚያበራ ክር እጇ ላይ ጠምጥማ፣ «ተነሺ አንቺ እንቅልፋም፣ ላሳይሽ» ብላ ጎተተችኝ። ፋብሪካው ያው የአባዬ ፋብሪካ ነው፤ ግን ምድጃው እንደዛ እየተንቀለቀለ አጠገቡ አንድም ሰው የለም። ሰዎቹ ራቅ ብለው፣ ከመከለያ ኋላ ቁጭ ብለው ይቀላለዳሉ። ሁሉም ቅንድብ አላቸው። ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥቁር።

ታዲያ እሳቱን ማን እያየው ነው ብዬ ጠየቅኳት። ክሩ ነው አለችኝ፤ ጫፉ ምድጃው ውስጥ ነው፣ ብርሃን ይላክበታል፣ ሙቀቱ ብርሃኑን ይለውጠዋል፣ ሲመለስ በሌላኛው ጫፍ ያለ መሣሪያ ለውጡን አይቶ ሙቀቱን ይናገራል። አይቀልጥም እንዴ ስላት ሳቀችብኝ። ተራ መስታወትማ ይቀልጣል፣ ይሄ ከሰንፔር፣ እሳት ከሚችለው ዕንቁ የተሠራ ነው አለች። ጥግ ላይ ደግሞ እንደ ጨው ክምር የሚያብረቀርቅ ነገር አሳየችኝ፤ ለካ ሲሞክሩ የተሰባበረባቸው ክር ነው። ያን ሁሉ ሰብረው አልተዉትም።

«አቅላጮቹ እንዴት እሺ አሉ?» አልኳት።

«የት እሺ ይላሉ? ‹እሳት በክር ሊታሰር ነው?› እያሉ ሲያላግጡብን ከረሙ። በኋላ አንዱ ከክሩ ጋር ልወዳደር ብሎ መጣ።»

«ማን አሸነፈ?»

«ሁለቱም እኩል ‹ደርሷል› አሉ። ያኔ መነጽሩን አውልቆ ሰጠን። ያውልሽ፣ እሱ ነው።»

አየሁት፤ ቅንድባም ሰውዬ ነው፣ አላውቀውም። ሰውየው ግን ከሩቅ፣ አይኑን ሳያጨነቁር፣ «ምንትዋብ፣ አባትሽ ጠፋሁብሽ?» አለኝ።

ብንን ስል አባዬ መነጽሩን ይዞ ሊወጣ ነው። ቅንድብ ኖሮህ አየሁ አልኩት። አስጠላሁሽ ወይ ብሎ ሳቀ። ቁጭ በል ልንገርህ አልኩና መነጽሩን ከእጁ ወሰድኩበት። ለፈረቃ ጓደኞቹም፣ ለፊዚክስ ክበባችንም እስኪሰለቻቸው አወራለሁ። መጀመሪያ ግን ለአባዬ፣ ገና እያየኝ።